ስለ እትዬ ልኬት ዕረፍትና ስላልፈረሙበት ወረቀት፦ ከማግኔት ሬዞናንስ ላቦራቶሪ ሠራተኞች የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

ለኢንስቲትዩቱ ባልደረቦች፣ ለቀድሞና ለአሁን ተማሪዎች፣ ለገንዳ አዳራሽ ሠራተኞችና ለሕዝብ በሙሉ፦

የላቦራቶሪያችን መሥራች፣ ለሃያ ሁለት ዓመት ኃላፊ የነበሩት፣ ከፕሮፌሰሩ እስከ በር ጠባቂው ሁሉም «እትዬ ልኬት» ብሎ የሚጠራቸው መምህርታችን ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ልባቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሀዘናችን ከባድ ነው። ከሀዘናችን ጋር ግን ቁጣም አለብን፤ አንሸሽገውም።

ረቡዕ ጠዋት በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የኢንስቲትዩቱ አስተዳደር ሁለት መስመር ለጥፏል። ሟቿን «በገዛ ፈቃዳቸው ከኃላፊነት የለቀቁ የቀድሞ ባልደረባችን» ይላቸዋል። ይህ ልክ አይደለም። በገዛ ፈቃዳቸው አልለቀቁም፤ ተነሥተዋል። ለምን እንደተነሡ የምናውቅ ሰዎች በሕይወት አለን፤ የስብሰባውም ቃለ ጉባኤ በእጃችን አለ። ይህ መግለጫ በሕግ ክፍል ተመርምሮ እስኪጸድቅ እንድናቆየው በደብዳቤ ተጠይቀናል። አላቆየነውም።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እትዬ ልኬት ወደ ኢንስቲትዩቱ ሲመጡ የሠላሳ አምስት ዓመት ወጣት መምህርት ነበሩ። የተሰጣቸው ክፍል ምድር ቤት፣ ከአሳንሰሩ ጎን ያለ የዕቃ ማከማቻ ነበር። ማግኔቱን የተከሉት እዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚለኩት ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ወጣባቸው። ከፋብሪካ የመጣው ባለሙያ መሣሪያውን ፈትቶ ገጠመው፤ ምንም አላገኘም። እሳቸው ግን ወንበር ስበው በኮሪደሩ ተቀመጡና አሳንሰሩ በወጣና በወረደ ቁጥር ሰዓቱን ጻፉ። መንቀጥቀጡና አሳንሰሩ አንድ ሆነው ተገኙ። በማግስቱ «በመለኪያ ሰዓት ሁሉም ሰው በእግሩ ይውጣ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ስድስተኛ ፎቅ የሚሠሩ ፕሮፌሰሮች አጉረመረሙ፤ የወጡት ግን በእግራቸው ነው።

የማግኔት ሬዞናንስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እሳቸው እንደሚያስረዱት እናስረዳ። ናሙናው በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሆኖ ወደ ኃይለኛ ማግኔት እምብርት ይወርዳል። በራዲዮ ሞገድ ሲነካ ውስጡ ያሉት አተሞች መልስ ይሰጣሉ። ሁሉም የሚመልሱት ግን በአንድ ድምፅ አይደለም፤ እንደ ጎረቤታቸው ነው። መልሳቸው ወረቀት ላይ በሹል መስመሮች ይወጣል። ማን ከማን ጋር እንደተቆራኘ፣ ማን በዝግታ ማን በፍጥነት እንደሚሄድ፣ ያልተጠበቀ እንግዳ ገብቶ እንደሆነ ከመስመሮቹ ይነበባል።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአዮናዊ ፈሳሾች ጥናት ነው። አዮናዊ ፈሳሽ ጨው ነው፤ ነገር ግን እንደምናውቀው ጨው ደርቆ አይቀመጥም፤ በክፍል ሙቀት እንደ ዘይት ይፈስሳል። አይተንም፤ በቀላሉ እሳት አይይዘውም፤ ብረትን ያሟሟል። ስለዚህ ዓለም ወድዶታል። እትዬ ልኬት ከአርባ በላይ የሚሆኑ ፈሳሾችን ለኩ። አዮኖቹ፣ ኤሌክትሪክ ያዘሉት የጨው ቅንጣቶች፣ ነፃ ሆነው እንደሚንሸራሸሩ ሲታሰብ፣ ብዙዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተጓተቱ እንደሚሄዱ አሳዩ። ጥቂት ውሃ ጠብ ሲልበት ደግሞ ጥንዱ እንደሚላላና ፈሳሹ ጠባዩን እንደሚለውጥ ከሁሉ ቀድመው በቤታችን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። «ፈሳሹን ያወቅኸው ውሃ ሲገባበት ያየኸው ቀን ነው» ይሉ ነበር።

በላቦራቶሪያቸው «ይመስለኛል» የሚል ቃል ነውር ነበር። ተማሪ «ይመስለኛል» ካለ ቱቦውን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ውጪ ሳቂታ ነበሩ። ልብስ ሰፊው ባለቤታቸው ለላቦራቶሪው ሠራተኞች በሙሉ የብረት ቁልፍም ዚፕም የሌለበት ነጭ ካፖርት ሰፍቶልናል፤ ቁልፎቹ የእንጨት ናቸው። የቀድሞው ዳይሬክተር እንግዳ ይዘው ሲመጡ ሰዓታቸውን እንዲያወልቁ በር ላይ ቢለመኑ እምቢ ብለው ገቡ። ሰዓቱ ቆመ። እትዬ ልኬት ዕቃ እንደሰበረ ሰው ደንግጠው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ማግኔቱ ሹመት አይለይም» አሉ። እንግዶቹ ሳቁ፤ ዳይሬክተሩ አልሳቁም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኢንስቲትዩቱ በግቢው ውስጥ የሙከራ ፋብሪካ ከፈተ። ከአሮጌ ስልኮችና ከተጣሉ ባትሪዎች ውድ ብረት የሚያወጣ ነው። በስድስት የሞቁ ገንዳዎች ፍሎሪን ያለበት አዮናዊ ፈሳሽ ተሞላ፤ አሥራ ስምንት ሠራተኞችና አንድ ፎርማን ተመደቡ። በበርሜሎቹ ላይ «ንጹሕ ፈሳሽ» ተብሎ ተጽፏል። በደህንነቱ ማረጋገጫ ላይ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ መፈረም ነበረባቸው።

የመጣላቸው ናሙና ከበርሜል የተቀዳ አዲስ ፈሳሽ ነበር። ለኩት፤ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሲሆን ፍሎሪኑ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መስመሮች ያሳያል፤ «መንትዮቹ» ይሏቸዋል። እትዬ ልኬት ግን በዚህ አልረኩም፤ «ሠራተኛው እጁን የሚያጠልቀው በርሜሉ ውስጥ ነው ወይስ ገንዳው ውስጥ?» ብለው ከገንዳ የተቀዳ እንዲላክላቸው ጻፉ። ሁለተኛም ከበርሜል ተቀድቶ መጣ። በሦስተኛው ቱቦዎቻቸውን በካፖርት ኪሳቸው ይዘው ግቢውን አቋርጠው ራሳቸው ሄዱ። ፎርማኑ ከሦስት ወር ሥራ በኋላ ያለውን ፈሳሽ ከሁለተኛው ገንዳ በገዛ እጁ ቀዳላቸው።

ከመንትዮቹ ራቅ ብለው ሌሎች ትንንሽ መስመሮች ወጡ። ደግመው ለኩ፤ አሉ። ናሙናውን በገንዳው ሙቀት ልክ አሙቀው ሦስት ቀን አቆዩት፤ መስመሮቹ አደጉ። ቱቦውን ሲያወጡት የውስጥ ግድግዳው እንደ በረዶ ደብዝዟል። የተቋሙን ቱቦዎች የሚሠራውን መስታወት ነፊ አስጠሩት። በብርሃን አዙሮ አዙሮ አየው።

«እትዬ፣ ይሄ አልቆሸሸም።»

«ምን ሆኖ ነው ታዲያ?»

«ተበልቷል። እኔ መስታወትን በእሳት ነው የማውቀው፤ እንዲህ አድርጎ የሚበላው አንድ ነገር ብቻ ነው። እርስዎ ስሙን ያውቁታል።»

ያውቁታል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ፈሳሹ ከብረቱ ጋር የሚገባበትን ውሃ በሙቀት ሲያገኝ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ይህን አሲድ ያወጣል። ጥቂቱ ቆዳን ሲነካ ወዲያው አያቃጥልም፤ ለዚህ ነው የሚከፋው። ሳያሳምም ዘልቆ ይገባል፤ ከሰዓታት በኋላ አጥንት ላይ ይነሣል። እትዬ ልኬት መስታወቱ ውጤቱን እንዳያዛባው ቱቦውን በውስጡ ፕላስቲክ አልብሰው እንደገና ለኩ። በየሰዓቱ መስመሩ ሲያድግ የሚያሳዩ አሥራ አንድ ወረቀቶች ይዘው ወደ ስብሰባው ገቡ።

የሚከተለው ከቃለ ጉባኤው እንዳለ የተገለበጠ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርንበትም።

ዳይሬክተሩ፦ «ይህቺ ትንሽ መስመር ናት ፋብሪካ የምታዘጋው?»

የላቦራቶሪ ኃላፊ፦ «መስመሯ ትንሽ ናት። ገንዳው ግን ትልቅ ነው።»

ዳይሬክተሩ፦ «የናሙና ቆሻሻ ሊሆን ይችላል።»

የላቦራቶሪ ኃላፊ፦ «ቆሻሻ በየሰዓቱ አያድግም።»

ዳይሬክተሩ፦ «እርስዎ ሁልጊዜ ውሃ ቀጠነ ይላሉ።»

የላቦራቶሪ ኃላፊ፦ «ውሃው አልቀጠነም ጌታዬ። ገብቷል።»

ዳይሬክተሩ፦ «እርስዎ ባይፈርሙ ሌላ ይፈርማል።»

የላቦራቶሪ ኃላፊ፦ «ይፈርም። እጁ የራሱ ነው። እኔ ያየሁትን አላየሁም ብዬ አልፈርምም።»

ከስብሰባው እንደወጡ በቀጥታ ወደ ገንዳ አዳራሽ ሄዱ። ይህንን እንዲያደርጉ ማንም አልፈቀደላቸውም፤ ማንንም አልጠየቁም። ፎርማኑ በኋላ ለመርማሪዎች በሰጠው ቃል የተባባሉት ተመዝግቧል። ወረቀቶቹን ዘርግተው መስመሮቹን በጣታቸው አሳዩት። እሱ ግን ጓንቱን አውልቆ እጁን አሳያቸው።

«እትዬ፣ እኔ ቁርጥማት ነው ብዬ ነበር። ሥራ ላይ ደህና ነኝ፤ ቤት ከገባሁ በኋላ አጥንቴን ይጠዘጥዘኛል።»

«ስንቶቻችሁን?»

«ሰባት ስምንት እንሆናለን። እርጅና ነው እየተባባልን እንሳሳቃለን።»

«ወንድሜ፣ እርጅና ሰባት ስምንት ሰው በአንድ አዳራሽ አይሰበስብም። ማሞቂያውን አጥፋው።»

አጠፋው። ሠራተኞቹ በሙሉ ወጡ። ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። ዓርብ ጠዋት የላቦራቶሪው ቁልፍ ከእትዬ ልኬት ተወሰደ፤ «ከሥልጣናቸው ውጪ ሥራ በማስቆም» ወደ መዛግብት ክፍል ተዛወሩ። ሰኞ በሌላ ሰው ፊርማ ገንዳዎቹ እንደገና ሞቁ። የፈረመውን ባልደረባ አንጠራውም፤ ሲቀበሩ ከኋላችን ቆሞ ሲያለቅስ አይተነዋል።

ቁልፉ የተወሰደ ዕለት ለምሳ ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው የስፌት መኪናውን አቁሞ ጠየቃቸው፦

«ቁልፉን ወሰዱት?»

«ወሰዱት።»

«ያየሽውንስ?»

«እሱን የት ያገኙታል?»

«እንግዲያው ብዪ፤ ምሳሽ ይቀዘቅዛል።»

ይህን የነገረን ባለቤታቸው ነው፤ ጻፉት ብሎናል።

እትዬ ልኬት በመዛግብት ክፍል እጃቸውን አጣምረው አልተቀመጡም። ነርስ ልጃቸውን አማክረው ለዚህ አሲድ ቃጠሎ የሚሆነውን ካልሲየም ያለበት ቅባት የተቋሙ ክሊኒክ እንዲያዘጋጅ ወተወቱ። ክሊኒኩ «ትእዛዝ የለንም» ሲል ሐኪሙ ደጃፍ ላይ አራት ቀን በምሳ ሰዓታቸው ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ «እሺ፣ እትዬ፣ ይነሡልኝ» አለ። ቅባቱ በየገንዳው አጠገብ ተሰቀለ። ፈረቃ ሲለዋወጥ አዳራሹ በር ላይ ቆመው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ገጽ ሰጡ። በላዩ የነበረው ይኸው ነው፦ ባያምህም ታጠብ፤ ባያምህም ቅባ፤ ባያምህም ተናገር። ወረቀቱን በመበተናቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን በፊደል ተራ፣ በሚገባው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት፤ የመዛግብት ሠራተኛ ነበሩና።

ከአምስት ወር በኋላ የሁለተኛው ገንዳ የመመልከቻ መስታወት፣ ከውስጥ ሲበላ ከርሞ፣ ፈነዳ። ሙቅ ፈሳሹ አራት ሰዎች ላይ ተረጨ። አንዳቸውም «አላመመኝም» ብሎ አልቆመም፤ ወደ ውሃው ሮጡ፣ ቅባቱን ተቀቡ፣ ክሊኒኩም ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር። ማንም አልሞተም። ሰዎቹን እየጎተተ ያወጣው ፎርማን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች አጥቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፤ እስኪጠራ ግን ሰው በጣቱ ይከፍላል።

ከውጭ የመጡ መርማሪዎች ናሙናውን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ማግኔት አስለኩት። መንትዮቹ ወጡ፤ ከእነሱ ራቅ ብለው እነዚያው ትንንሽ መስመሮች ወጡ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ ኋላ በሌላ ፈሳሽ፣ በተከደኑ ገንዳዎች ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ወደ ከፍተኛ ሹመት ተዛወሩ።

አዲሱ አስተዳደር እትዬ ልኬትን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ፈቃደኛ ሆነ፤ አንድ ወረቀት ግን አቀረበላቸው። ሥራ ያስቆሙት «ከአሠራር ውጪ በስሕተት» እንደነበረ እንዲያምኑ የሚጠይቅ ነው። ቀላል ነገር ነው፣ ለፎርም ያህል ነው ተባሉ። እኛም፣ እንዲመለሱልን ስለጓጓን፣ ይፈርሙ ብለን ለምነናቸዋል። ይህን ዛሬ በሀፍረት እንጽፋለን። «እናንተ ልጆች፣ እኔ ስፈርም ፎርማኑ ማሞቂያውን ያጠፋው በስሕተት ነበር ማለት ይሆናል። የሱን እጅ አይታችኋል?» አሉን። አልፈረሙም። ጡረታቸው እስኪደርስ ሦስት ዓመት በመዛግብት ክፍል ሠሩ።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት የላቦራቶሪው ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። የለካነውን በፋይል ውስጥ አድርገን እንወስድላቸዋለን፤ በማስመሪያና በእርሳስ ያነቡታል። ያገለገለ አዮናዊ ፈሳሽ መፍረስ አለመፍረሱን ፕላስቲክ በለበሰ ቱቦ የመለካት ዘዴያቸው የተጻፈው በመዛግብት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። በጽሑፉ ላይ ከስማቸው ቀጥሎ የመስታወት ነፊውን ስም አስገቡ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ይህ ሰው ለጥናቱ ያበረከተው ምን እንደሆነ ጠየቀ። የመለሱት አንድ ቃል ነው፦ «አየ።» ጽሑፉ ከሁለቱ ስም ጋር ወጣ። ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪዎች ይሠራበታል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚያዛቸው አልነበረም። ለስድስት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በዋናው በር እንደ እንግዳ እየተመዘገቡ ገቡ። የበሩን መዝገብ አገላብጠናል። «የመጡበት ጉዳይ» በሚለው ዓምድ ሥር ሁልጊዜ «ለመለካት» ብለው ጽፈዋል። የመጨረሻው ፊርማቸው ካረፉበት ቀን ሃያ ስድስት ቀን ይቀድማል። ያን ዕለት ደረጃውን ለመውረድ ሦስት ጊዜ አረፉ። «ወንበር እናምጣ?» ስንላቸው «ናሙናው ይቀዘቅዛል፤ እናንተ ቅደሙ» አሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን እናስታውቃለን። ረቡዕ የተለጠፈውን ሁለት መስመር እኛ ራሳችን አንሥተነዋል፤ በቦታው ይህ መግለጫ ተለጥፏል። የሚያነሣው ካለ ሃያ ሦስት ቅጂ አለን። ጉዳዩ በዲሲፕሊን ያስጠይቃል ተብለናል። ያስጠይቅ። የምንጠየቀው አሥራ አራታችን ነን፤ ስማችንና ፊርማችን ከታች አለ። ለዚህ ወረቀት መፈረም አልከበደንም።

ለባለቤታቸው፦ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ሰው በሁለት መስመር ሊነግሩዎት ለሞከሩት እኛ እናፍራለን፤ እርስዎ ቀና ይበሉ። ለነርስ ልጃቸው፦ እናትሽ በአንቺ ምክር የሰቀሉት ቅባት ዛሬም በየገንዳው አጠገብ አለ፤ በየወሩ የሚያድሰው ሰው ተመድቧል። ለመስታወት ነፊው፣ ለፎርማኑና ለአሥራ ስምንቱ የገንዳ አዳራሽ ሠራተኞች፦ ሀዘኑ የእናንተም ነው፤ ከቤተሰብ ጋር ቆማችሁ ለቅሶ ደራሹን ተቀበሉ። ማንም ከፊት መስመር ሊያነሣችሁ አይችልም።

ላቦራቶሪያችን ለቀብራቸው ዕለት ብቻ ተዘግቶ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በየትም ቦታ፣ በማንኛውም አዳራሽ፣ «ንጹሕ ነው፤ አያሳስብህም» በተባለ ፈሳሽ የምትሠሩ ሁሉ፣ ከበርሜሉ ሳይሆን ከምትሠሩበት ቀድታችሁ አምጡልን። ምድር ቤት፣ ከአሳንሰሩ ጎን ነን። ማን እንደላካችሁ አንጠይቅም። እንለካለን፤ ያየነውንም ጽፈን በእጃችሁ እንሰጣችኋለን።

የማግኔት ሬዞናንስ ላቦራቶሪ ሠራተኞች
(አሥራ አራት ፊርማዎች)